ቀይ ቀለም የተቀቡት ዛፎች

ሰፈሩ «ፊሽካ» ይላታል። የመንደሩ ሰው ማህበር አቋቁሞ የተራቆተውን ኮረብታ ከልሎ ችግኝ ከተከለ በኋላ ጫካውን እንድትጠብቅ የተመረጠችው እሷ ነበረች። የመጥረቢያ ድምፅ ከሰማች ፊሽካዋን እየነፋች ከተፍ ትላለች፤ ዘመድ ባዳ አትልም። ታናሽ ወንድሟን እንኳ ከሰል ሲያከስል እጅ ከፍንጅ ይዛ ማህበሩ ፊት አቁማዋለች። እሱም አኩርፎ ሰላምታ ነሳት። ኋላ ማህበሩ ቀፎ ሰጥቶት እዚያው ጫካ ውስጥ ንብ ማነብ ሲጀምርና ቤቱ በማር ሲቆምለት ግን፣ «እትዬ፣ ያኔ ባትይዢኝ እስከዛሬ ፊቴ ጥላሸት እንደሆነ ነበር» እያለ ያስቃት ጀመር።

አንድ ጠዋት ቁልቁለቱ ላይ አንድ ዛፍ ጫፉ ቢጫ ሆኖ አየች። ውሃ ጠምቶት ነው ብላ አለፈችው። ብዙም ሳይቆይ አጠገቡ ያሉትም ቢጫ ሆኑ። ቅርፊቱን በጥፍሯ ብትፍቀው ዱቄት ረገፈ፤ ከሥሩ ሩዝ የሚያካክሉ ትሎች ይርመሰመሳሉ።

ማህበሩ የደን ባለሙያ አስጠራ። ትሁት ወጣት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ውሎ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«መድኃኒት የለውም ልጄ?»

«ለጥቂት ዛፍ ቢሆን እንሞክር ነበር እናቴ። ለዚህ ሁሉ ግን ከየት ይመጣል? የታመመውን ቆርጦ ማውጣት ነው፤ እሱም ከሠራ።»

«ከሠራ?»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «ልዋሽዎት አልፈልግም። አላውቅም።»

ዛፎቹን የምታውቂያቸው አንቺ ነሽ ተብላ፣ የሚቆረጡትን ቀይ ቀለም እንድትቀባ ተደረገ። ከዛፍ ዛፍ ስትዞር ወንድሟ ቀፎዎቹን ወደሰቀለባቸው ዛፎች ደረሰች። እሱ ቀድሟት ቆሟል።

«ይሄን እለፊው እትዬ። ጫፉን ብቻ ነው የነካው።»

«ቅርፊቱን እየው እስቲ።»

«አይቼዋለሁ! እለፊው ነው የምልሽ።»

«ብተወው ሌላውን ይጨርሳል።»

«ብትቆርጪውስ አይጨርስም? ማን ነው እርግጠኛ የሆነው?»

ብሩሹን ነክራ ቀባችው። እንደድሮው ያኮርፋል ብላ ስትጠብቅ፣ የቀለሙን ቆርቆሮ ከእጇ ወስዶ ያዘላት። ቢያኮርፍ ይሻላት ነበር።

የቆረጡት እነዚያው ችግኙን ተሸክመው ዳገቱን የወጡት የመንደሩ ሰዎች ናቸው። ሌላ ጊዜ ሥራ ላይ ቀልዳቸው አያስቀምጥም፤ ያን ቀን ግን ሁሉም አቀርቅሮ ቆረጠ። እሷ የመጥረቢያው ድምፅ በተሰማ ቁጥር እግሯ ሊነሳ እያለ፣ እንደ እንግዳ ዳር ቆማ አየች።

ክረምቱ አለፈ። ከተቆረጠው ማዶ፣ ማንም ባልጠረጠረው በኩል፣ ቢጫ ጫፍ እንደገና ታየ። ንቦቹ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ወንድሟም ባዶ ቀፎዎቹን ጓሮ ቆልሎ ከተማ ወረደ፣ ሕንፃ ሥራ ላይ ሲሚንቶ ይሸከማል።

የማህበሩ ሊቀመንበር አዘኑላት። «ከእንግዲህ ምኑን ትጠብቂዋለሽ? ቤትሽ አረፍ በይ።»

«ቤት ቁጭ ብዬ ከምሰማው፣ እዚያው ሆኜ ልየው» አለቻቸው።

አሁንም በየጠዋቱ ትወጣለች። ማታ ስትወርድ ጎረቤቶቿ በር ላይ ሆነው፣ «እንዴት ዋለ?» ይሏታል፤ የታመመ ሰው ጠይቃ የተመለሰች ይመስል።

«እንደትናንቱ ነው» ትላቸዋለች። አንዳንድ ቀን እውነቷን ነው።