የካርቱኑን መጨረሻ የቀየርኩት እኔ ነኝ

አርባ ዓመት ያለፈኝ መምህር ስሆን፣ ዛሬ ካርቱን እያየሁ ዋሽቼ ተያዝኩ።

ካርቱኑ በድንገት ወደ ሌላ ዓለም ስለተወሰደች ልጅ ነው። "ተማሪዎቼ ምን እንደሚያዩ ላጣራ" ብዬ ጀምሬ ሃያ አራተኛው ክፍል ላይ ደርሻለሁ። ማጣራት ጊዜ ይፈልጋል።

ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ከሦስተኛው ክፍል ጀምሮ አብረውኝ ያያሉ። ቋንቋውን ስለማይሰሙ እኔ እተረጉምላቸዋለሁ። ልጅቱ ሰው አገር መወሰዷን የነገርኳቸው ዕለት መጀመሪያ የጠየቁኝ "ደላላዋ ማነው?" ብለው ነው።

የእሳቸው ልጅ ለሥራ ሄዳ ሪያድ ነው ያለችው። ከረመዷን ወዲህ አልደወለችም። ዱዓ ሲያደርጉ የካርቱኑንም ልጅ ይጨምሯታል።

ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ነበር። ልጅቱ እዚያው ልትቀር ወሰነች።

"ምን አለች?" አሉኝ።

እኔ እንግዲህ በመካነ ሰላም ሻይ ቤቶች ሁሉ "መጨረሻው ያማረ ታሪክ የሰነፍ ደራሲ ሥራ ነው" እያልኩ የምከራከር ሰው ነኝ።

"'ወደ እናቴ ልመለስ ነው' አለች" አልኳቸው።

እትዬ ዘሀራ ልጅቱን ትክ ብለው አዩዋት። "ሻንጣዋስ?"

እኔም ስክሪኑ ላይ ሻንጣ ፈለግኩ።

"የምትመለስ ልጅ ሻንጣ ሳትሸክፍ አትነሳም። ግዴለም፣ ለእኔ ብለህ ነው። አላህ ይስጥህ።"

ይህን ብለው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ስልካቸውን አውጥተው አየት አደረጉት።

እናንተስ፣ ለሰው ብላችሁ የታሪክ መጨረሻ ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? ሳትያዙ የቀራችሁ ካላችሁ፣ ሻንጣውን እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።