ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሁሉም «እትዬ» ነበር የሚላት። አሥራ ስድስት ዓመት ያስተማረችው ከግቢው ዳር፣ ድሮ የተሰባበረ ወንበር ይከማችበት በነበረ ክፍል ውስጥ ነው። የክፍሏ ልጆች ዘጠኝ ናቸው፤ ገሚሱ የማይናገሩ፣ ገሚሱ ሲከፋቸው ጭንቅላታቸውን ከግድግዳ የሚያጋጩ። በአርባ ሁለት ዓመቷ ለሁለተኛ ዲግሪ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት ስትጀምር ርእሰ መምህሩ ቀለደባት።

«አንቺ ሴትዮ፣ ማስተርሱን ስትይዢ ጣሪያው ማፍሰሱን ያቆማል?»

«ያፍስ። ለምን እንደሚያፈስ ግን በጥናት አስረዳሃለሁ።»

የመመረቂያ ጽሑፏ ስለ ስሜት ነበር። መናገር የማይችል ልጅ የሚሰማውን በጣቱ ማሳየት ከተማረ ራሱን መምታት ይቀንሳል ብላ ታምናለች። ስለዚህ ስድስት ካርድ ራሷ ሣለች፤ ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ ድካም፣ ሕመም።

ከሁሉም የከበደቻት ድምቢጥ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ብትሆንም ከማነሷ የተነሳ ይህን ስም ያወጡላት የክፍሉ ረዳት ናቸው። አንዲት ቃል ከአፏ ወጥታ አታውቅም። እናቷ ስለሞተች የምታሳድጋት አክስቷ ነች፤ ቢሮ የምታጸዳ፣ ስትሮጥ እንጂ ስትራመድ ታይታ የማታውቅ ሴት። በምሳ እረፍቷ ስድስት ሰዓት ላይ ትመጣና ልጅቷን ቤት አድርሳ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

አራት ወር ሙሉ ድምቢጥ ካርዶቹን ስትወረውር ከረመች። አንድ ማክሰኞ ግን፣ መውጫው ሲቃረብ፣ ጣቷን ፍርሃት ላይ አሳረፈች። እትዬ በደስታ እንባዋ መጣ። በማግስቱም ደገመችው። ከዚያ ወዲያ ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ጣቷ እዚያው ካርድ ላይ ነው። እትዬ ቀኑንና ሰዓቱን አንድ ሳትስት ጻፈች። ለዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ ስታሳየው ሃያ ሦስት ደርሶ ነበር።

«ይሄማ ወርቅ ነው!» አሉ ዶክተሩ።

ለምን ስድስት ሰዓት ብሎ የጠየቀ የለም። ልጅቷ በዚያ ሙቀት ረጅም እጅጌ ሹራብ ለብሳ ትመጣ ነበር። አንድ ቀን እትዬ እጇን ልታስታጥባት ብላ እጅጌዋን ስትሰበስበው ጮኸች። «መነካት አትወድም» ብላ ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችና ተወችው።

ቁጥሩ ሃያ ሦስት ላይ እንዳለ ድምቢጥ ሦስት ቀን ቀረች። በአራተኛው ቀን አክስቷ ብቻዋን መጣች፤ በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«ልጅቷስ?» አለች እትዬ።

«ሆስፒታል ናት። ሦስት ጣቷን ቆረጧት።»

«ምን ሆና?»

«በገመድ ነበር የማስራት፣ እትዬ። አልጋው እግር ላይ። ማን ይሙት፣ አላጠበቅኩትም። አምና በሩን ከፍታ ወጥታ መኪና ሊበላት ነበር። ሥራ ብቀር ያባርሩኛል። የት ላድርጋት?» የበሩን መቃን ያዘች። «ያን ቀን አምሺ ተባልኩ። ስትታገል ገመዱ ጠብቋል። ስደርስ እጇ ጠቁሯል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠየቁኝ እንዴ?»

አክስቲቱ ለሐኪሙ እውነቱን ራሷ ተናግራ ስለነበር ፖሊስ ወሰዳት። አምስት ቀን ታስራ፣ ልጅቷን የሚረከብ ሌላ ዘመድ ጠፍቶ በማስጠንቀቂያ ለቀቋት።

እትዬ እህል አልወርድ አላት። አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ተቆጣች። «ያሰርሻት አንቺ አይደለሽ! ምን ይሁን ነው የምትዪው?»

«አላሰርኳትም። አሳልፌ የሰጠኋት ግን እኔ ነኝ። በየቀኑ፣ በእጄ።»

አማካሪዋም አዘኑ። ቢሆንም ምክራቸው አጭር ነበር። «ልጅቷን ከጥናቱ አውጫትና ጨርሺ። ስምንት ልጅ ይበቃሻል።»

«ነግራኛለች እኮ፣ ዶክተር። ሃያ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ። እኔ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ።»

«ይሄ ጥናት ነው፣ ንስሐ አይደለም።»

አልሰማቻቸውም፤ የሆነውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር መመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ ጻፈችው። ከፈታኞቹ አንዷ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ጠረገች፤ ይሁንና እሷም «ተስተካክሎ ይመለስ» ከሚለው ሥር ፈረመች። እትዬ በዚያ ዓመት ሳትመረቅ ቀረች።

ክፍሉን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ላድርገው ብላ ርእሰ መምህሩን ስትጠይቀው፣ ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ ቁልፉን አውጥቶ ሰጣት። ወሬው ሲዳረስ በሳምንቱ አምስት ልጆች ከሰዓት በኋላ መቆየት ጀመሩ። አንዷ እናት ወደ እትዬ ጆሮ ተጠግታ «እኔም በሩን ቆልፌበት ነበር የምሄደው» አለቻት።

ድምቢጥ የተመለሰችው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ከረዳቷ ቀሚስ ጀርባ ትቀመጣለች፤ ካርድ አትነካም። እትዬ ጠጋ ስትላት የተጎዳ እጇን ብብቷ ውስጥ ትደብቃለች። እንዲያ እንዳለች ዓመት አለፈ።

ጽሑፉ ታርሞ በዝቅተኛው ውጤት አለፈ። የምረቃው ዕለት ከሰዓት በኋላ አክስቲቱ ሥራ በዝቶባት ዘገየች፤ ረዳቷም ልጃቸው ታሞ ቀደም ብለው ሄደው ነበር። ሌሎቹ ልጆች አንድ በአንድ ተወሰዱ። እህቷ ሁለት ጊዜ ስልክ ደወለች፤ «አዳራሹ ሞልቷል፣ የት ነሽ?» እትዬ «እንዳትጠብቂኝ» ብላ ዘጋች። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ልጅቷ በበሩ በኩል፣ እሷ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው፣ አክስቲቱ እስክትመጣ ጠበቁ።