ጽጌረዳ የለጠፍኩበት ምርቃት

ልጅ እያለሁ የአባቴ የሸሚዝ ኪስ ማርከር አጥቶ አያውቅም። የሌላው ሰው አባት እስክሪብቶ ይይዛል፤ የእኔው ጫፏ ለስላሳ፣ ሽታዋ አፍንጫ የማይበጥስ ጥቁር ማርከር። በሥራ ቀን ታክሲ ይነዳል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሐበሻ ሰርግና ክርስትና ይቀርጻል፤ የቀረጸውን ሲልቨር ስፕሪንግ በነበረችው አፓርታማችን፣ ኮት የሚሰቀልበት ክሎዜት ውስጥ ባስቀመጣት ኮምፒውተር ዲቪዲ ላይ ያቃጥላል፣ ማለት ይጽፋል። የልጅነትሽ ሽታ ምንድነው ብትሉኝ በርበሬ ምናምን አልልም። ከማሽኑ ገና የወጣ፣ ሙቀቱ ያልለቀቀው ዲስክ ሽታ ነው።

አንድ ቀን ዲስኩን ገልብጦ ወደ መስኮቱ አዞረና፣ «እዪ ሚሚ፣ እስከዚህ ሰርጉ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ገና ምንም አልተጻፈበትም» አለኝ። እውነትም ሐምራዊው ገጽ ላይ ከመሃል የሚነሳ ጠቆር ያለ ቀለበት ይታያል። ያ ሁሉ ሲጨፍር የዋለ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ልቅሶና እልልታ፣ ከሁለት ጣቴ የማይሰፋ ጥላ ውስጥ ገብቷል። የጻፈውም የሚያነበውም ብርሃን ነው አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ዲስክ ሁሉ ወደ መስኮት ማዞር ሆነ ሥራዬ።

ባዶ ዲስክ ሲገዛ ሚስት የሚመርጥ ነው የሚመስለው። እናቴ «እኔን ሲያገባ እንኳ እንዲህ አላገላበጠኝም» ትላለች። መቶው ባንድ ላይ ተደርድሮ የሚሸጠውን ርካሹን ዞር ብሎም አያየው፤ «ርካሽ ዲስክ እንደ ርካሽ ጫማ ነው፣ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ያምራል» ይላል። ከገዛው አንዱን ያቃጥልና እኛ ቤት ማጫወቻ ላይ፣ ጎረቤት ማጫወቻ ላይ፣ ያገኘው ማጫወቻ ሁሉ ላይ ይሞክረዋል። ማሽኑ በጣም ፈጥኖ መጻፍ እየቻለ እሱ ዝግ አድርጎ ነው የሚያስኬደው፤ ለምን ሲሉት «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል»። ሲጨርስ በዚያች ማርከሩ፣ ቀዳዳው ዙሪያ ባለችው ግልጽ ቀለበት ላይ ብቻ፣ ስም ይጽፋል። ወረቀት መለጠፍማ በእኛ ቤት ክልክል ነው። ወረቀቱ ፀጉር ታህል ከመሃል ከሳተ ዲስኩ ሲሽከረከር ይንገዳገዳል፣ ሲሞቅ ደግሞ ሙጫው ይላቀቃል። ሁሉንም ነገር ሁለት ሁለት ያቃጥል ነበር፤ «አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለክፉ ቀን» እያለ።

የአባቴ የዘመድ ልጅ ሂሩት ከአገር ቤት እንደመጣች ሁለት ዓመት እኛ ቤት፣ እኔ መኝታ ክፍል ውስጥ ኖራለች። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ፣ የምትቆነጥጠኝም እሷ። ኋላ ሥራ አገኘችና ቅርባችን ያለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ ገባች፤ እዚያው ባል አገኘች። እናቷ እማማ የሺ ደብረ ብርሃን ናቸው፤ ለሰርጉ እንዲመጡ ቪዛ ቢጠየቅላቸው ሁለት ጊዜ ተከለከሉ። ሂሩት አልቅሳ አልቅሳ፣ «የእናቴን ጉልበት ሳልስም ከቤቴ አልወጣም» አለች። ዘመዶቿ እማማን ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲመርቁ ቀረጿቸውና ካሴቱን በሰው እጅ ላኩ። ሂሩት ቀድማ ደውላ፣ «ፊቷን ብቻ እንዳታነሱ፣ ጉልበቷን አውጡልኝ» ብላቸው ነበር።

የአገር ቤቱ ካሴት በዚህ አገር ቴሌቪዥን ስለማይታይ አባቴ ወደ ዲቪዲ ገለበጠው። ገልብጦ ሲጨርስ ክሩ ተበጠሰ። ኮምፒውተሯም ቦታ ስለማይበቃት ያቃጠለውን ወዲያው ያጠፋ ነበር። እንግዲህ የእማማ የሺ ምርቃት በዓለም ላይ ያለው እነዚያ ሁለት ዲስኮች ላይ ብቻ ነው።

የሰርጉ ዋዜማ ከትምህርት ቤት ስመለስ አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። መያዣውን ከፈትኩት። መሃሉ ላይ በትንሹ «የሺ» ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። አፈርኩ። እኛ ቤት ለእንግዳ ዳቦ እንኳ ሳይሸፈን አይቀርብም፤ የእናት ምርቃት እንዴት ራቁቱን ሰው ፊት ይቀርባል? ጓደኛዬ የሰጠችኝ ክብ ተለጣፊ ወረቀት ነበረኝ። ቀይ ጽጌረዳ ፕሪንት አደረግኩበት፣ ሥሩም «ሂሩትዬ» ብዬ ጻፍኩና ለጠፍኩት። ትንሽ ተጣመመ፤ አየር የያዘውን ቦታ በማንኪያ ጀርባ አሸሁት። እንዴት እንዳማረ አልነግራችሁም።

ቀኑ ያቃጥላል። ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ እስክንደርስ መኪናው ውስጥ ቀልጠናል። የሂሩት ሳሎን በሰው ታጭቋል፤ ሽማግሌዎቹ ሶፋው ላይ፣ ሴቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ደግሞ ታች እየዘፈኑ ይጠብቃሉ። ቴሌቪዥኑ ያ ጀርባው የሚከብደው የድሮው ዓይነት ነው፤ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አድርገውታል። አባቴ ካሜራውን ስላነሳ «እኔ ላስገባ» ብዬ ዘለልኩ። ማንም አላየውም፣ ዲስኩን አስገባሁት።

እማማ የሺ ብቅ አሉ። ነጭ በነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ሂሩት ቬሏን ይዛ ተንበረከከች። «ልጄ ሂሩት» አሉ እማማ። ደግ ደግ የሆነ ድምፅ። «ውለጂ...» ሲሉ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ፊታቸው ትንንሽ አራት ማዕዘን ሆኖ ተበታተነ፤ ማጫወቻው ውስጥ የሆነ ነገር ያጓራል። ታች የሚዜዎቹ ዘፈን ከፍ ብሎ ተሰማ። «ማጫወቻው አርጅቷል» አለ አንዱ። ሌላው መታ መታ አደረገው። ሂሩት ከተንበረከከችበት ሳትነሳ፣ «ጋሼ፣ ካሴቱ እኮ የለም» አለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ ካሜራውን እኔ እጅ ላይ አደረገው። «ያዢ፣ እንዳታጠፊው።» ማጫወቻውን አስከፈተና ዲስኩን በጥፍሩ ስቦ አወጣው። የጽጌረዳው ጠርዝ ተነስቷል። አንዴ አየው፣ አንዴ እኔን አየኝ። ከዚያ ዲስኩን ኪሱ ከተተና ከካሜራው ቦርሳ ሁለተኛውን፣ ራቁቱን፣ አወጣ።

እማማ እንደገና መጡ። «ውለጂ ክበጂ። እጅሽ አመድ አፋሽ አይሁን። የረገጥሽው ይለምልም።» ሽማግሌዎቹ ባንድ ድምፅ «አሜን» ይላሉ፤ እማማ ደግሞ የሰሟቸው ይመስል አሜን እስኪባል ቆየት ይላሉ። «ያልተወለዱት ልጆችሽም ከአሁኑ የተባረኩ ይሁኑ። እኔ ባላያቸው እነሱ ይዩኝ።» አሜን። ሂሩት ጎንበስ ብላ መስታወቱ ላይ ያለውን ጉልበት ሳመች። ቀና ልትል ስትል ቬሏ አልመጣም። መስታወቱ ስቦ ይዞታል፣ እማማ እጅ ላይ ተለጥፏል። የኤሌክትሪክ ነገር እንደሆነ ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን እናትየው ከደብረ ብርሃን እጇን ሰዳ ልጇን ያዘቻት፤ በዓይኔ አየሁ። አንዲት ሴት አማተቡ። ካሜራውን ይዤ ወደፊት ስለተጠጋሁ ያ ክፍል ዛሬም ይወዛወዛል።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ግሳጼውን ስጠብቅ ስጠብቅ ድልድዩን ተሻገርን። በመጨረሻ «ማሳመርሽ አላስከፋኝም። ሌላ ጊዜ ግን ጠይቂኝ» አለ። ለማንም አልተናገረብኝም።

እማማ የሺ ይህን አገር ሳይረግጡ አረፉ። ዛሬ ስልኬ ውስጥ ስንት ሺህ ቪዲዮ አለ፤ ልጄ መጀመሪያ የቆመበትን ፈልጊ ብትሉኝ ግን አላገኘውም። ያን ጊዜ አሥር ደቂቃ ለማስቀመጥ አባቴ ሳምንት ይጨነቅ ነበር፤ አሁን ሁሉን እናስቀምጣለን፣ የምንጨነቅለት የለም።

ባለፈው በጋ ሂሩት ኮል አደረገችኝ። ልጇ፣ በአያቷ ስም የሺ ያለቻት፣ ለዩኒቨርሲቲ ሌላ ስቴት ልትሄድ ነው፤ ከሰርጉ በኋላ አባቴ አዲስ አቃጥሎ የሰጣት ኮፒ ቤት ስትቀይር ጠፍቶባታል። «ጋሼ ለክፉ ቀን ያሉት ይኖር ይሆን?» አለች። አባቴ አሁን ጡረታ ወጥቷል። ዲስኩን ከክሎዜቱ ጨለማ አወጣውና ከማርከሩ ጎን ኪሱ ከቶ አሌክሳንድሪያ ድረስ ራሱ ይዞት ሄደ። እኔ ማጫወቻ ገዝቼ ከላፕቶፑ ጋር አገናኘሁ። ዲስኩ ይነሳ አይነሳ ብሎ እሱ አልተቀመጠም።

እየጠበቅን ሳለ ስለ ጽጌረዳው ለሂሩት ተናዘዝኩ። «ጋሼ ሲያወጡት አይቼ ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለች እየሳቀች፣ «ከአንቺ ሌላ ማን ሂሩትዬ ይለኛል?»

እማማ ብቅ አሉ፤ ነጭ በነጭ፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ። «ያልተወለዱት ልጆችሽም ከአሁኑ የተባረኩ ይሁኑ። እኔ ባላያቸው እነሱ ይዩኝ።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረችና ለማን ነው የሚናገሩት አለች፣ በእንግሊዝኛ።

«ላንቺ» አለቻት ሂሩት።

የአሁኑ ስክሪን ቀዝቃዛ ነው፣ ማንንም አይስብም። የሺ ግን ማንም ሳይነግራት ተንበረከከችና ግንባሯን አስጠግታ ቆየች። እማማም ከዚያ ማዶ ቆየት አሉላት። «አሜን» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ።

አባቴ ያኔ ተቀመጠ።