ቁጥቋጦው ሲነቃነቅ

ጠጋ በሉ እስቲ። እናንተ አዲሶቹ ጥበቃዎች፣ መሣሪያ ትከሻችሁ ላይ ስላረፈ ብቻ ጀግና የሆናችሁ ይመስላችኋል።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ ከዳባት በታች ገብሱ ታጭዶ ያለቀበት፣ ጠዋት ጠዋት ውርጭ ሣሩን የሚያነጣበት። አንድ ነብር በግ መፍጀቱ አልበቃው ብሎ ውኃ የምትቀዳ ሴት ትከሻ ቦጨቀ፤ ቀበሌውም ግደሉት ብሎ ፈቀደ። የወጣነው እኔና ጎረቤቴ አያ ደምስ ነን። አሥር ዓመት ይበልጡኛል፤ በዚያ ሰሞን የመጀመሪያ ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ላይ ነበሩ። ባለቤታቸው እደጅ ድረስ ሸኝተው «አደራ! የሙሽራዪቱን አባት በደህና መልስልኝ» አሉኝ።

እኔ ያን ጊዜ በደባርቅ የኳስ ቡድን በረኛ ነበርሁ፤ ጉልበቴም ምላሴም አይቻልም። በዚያው ዓመት ታዲያ በሪጎሬ ተሸንፈናል። ኳሷ ሳትመታ ወደ ግራ ዘለልሁ፤ እሷ እቴ፣ መሐል ለመሐል ገባች! ማንም አልወቀሰኝም። «ሞክሯል፣ ምን ያድርግ!» አሉ። አሠልጣኛችን ብቻ ለብቻዬ ጠርቶ «ሳታይ የዘለልኸው ቆሞ መጠበቅ አስፈርቶህ ነው» አለኝ። ሳምንት ሙሉ አኮረፍሁት።

ዱካውን ምንጩ አጠገብ ጭቃ ላይ አገኘነው፤ ክብ ነው፣ ጥፍር አይታይበትም። የጅብ ቢሆን ጥፍሩ ይወጣ ነበር። ወደ ገደሉ አፋፍ፣ ወደ አስታው ቁጥቋጦ ገብቷል። አያ ደምስ ከላይ ካቡ ሥር አደፈጡ፤ እኔ ከታች መውጫውን ያዝሁ። ማንም ከቦታው ላይነሣ ተስማምተናል። ምንሽሬ አንድ ጥይት ጎርሷል፤ ሁለተኛውን እስካቀባብል ነብር አይጠብቀኝም።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። ወደ እኔ! ቡናማ ነገር በቅጠሉ መሐል ታየኝ፤ እምላችኋለሁ፣ ነጠብጣቡን ሳይቀር አየሁት። ልቤ «በለው! በለው!» ይለኛል። ጣቴ ምላጩ ላይ ናት። ብስትስ ማን ይወቅሰኛል? ሞክሯል ይሉኛል። ይቺን ሳስብ ያ አሠልጣኝ ድቅን አለብኝ። ቆይ፣ አልሁ። ራሱን ሳላይ አልተኩስም። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ጠበቅሁ፤ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሻችሁም።

ቅጠሉን ገልጦ የወጣው የአያ ደምስ ካፖርት ነው! ነብሩ ዞሮ በእኔ ጀርባ ሲወርድ አይተው፣ ሊያስጠነቅቁኝ በደረታቸው እየተሳቡ መጥተዋል። «ከኋላህ!» አሉ።

ስዞር አለቱ ላይ ነው፤ አሥር ክንድ አይሞላም፣ ጆሮውን ለጥፏል። ዘለለ። ያቺን አንዲት ጥይት ደረቱ ላይ አጎረስሁት፤ እግሬ ሥር ተዘረረ።

«አያ፣ ልገድልዎ ነበር እኮ!» አልኋቸው። አፈሙዙን አዩ፣ የመጡበትን አዩ፤ ከዚያ አንገቴን አንቀው ሳሙኝ።

ሠርጉ ላይ ሰው ሁሉ «ነብር ገዳይ! ፎክር!» እያለ ወጠረኝ። አያ ደምስ ግን ቀድመውኝ ብድግ አሉ። ስለ ነብሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ሙሽራዪቱ ፊት ወስደው ቀኝ እጄን ከፍ አደረጉና «ለዚህ ቀን ያበቃችኝ ይህች ጣት ናት!» አሉ። እልልታው ቀለጠ፤ አሠልጣኙም ከዳስ ጥግ ሆኖ ያጨበጭብ ነበር። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። እስከ ዛሬም ቁጥቋጦ ሲነቃነቅ መጀመሪያ የማያት ያቺን ጣቴን ነው።