የአዳዳ ሎኮ ሲጋራ

ልጅ ሳለሁ፣ ነገሌ ላይ፣ ፀሐይ ጠልቃ አየሩ ቀዝቀዝ ሲል የሠፈሩ ልጆች ሁሉ አዳዳ ሎኮ ግቢ እንሰበሰብ ነበር። አዳዳ ሎኮ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አዳዳ የምንላቸውም በኦሮምኛ አክስት ለማለት ነው። ያኔ ከነገሌ ዶሎ ኦዶ በጭነት መኪና እየተመላለሱ ልብስ ይነግዱ ነበርና፣ ማጨሱንም የለመዱት ከሾፌሮቹ ጋር መንገድ ላይ ሲያድሩ ነው። ሴት ሆነው በሰው ፊት ማጨሳቸው ብዙ ቢያስወራም ደንታ አልነበራቸውም። ከምድጃው ፍም አንስተው ይለኩሱና፣ ጭሱ በፋኖሱ ብርሃን ውስጥ እየተጥመለመለ የጅቡንና የአህያዋን ተረት ይጀምሩልናል። ጅቡ በኦሮምኛ፣ አህያዋ በአማርኛ ነበር የሚናገሩት።

አንድ ቀን የጤና ባለሙያ ትምህርት ቤታችን መጥቶ ሲጋራ ሳንባን ምን እንደሚያደርገው አስተማረን። ያንኑ ምሽት ተረቱን አቋረጥኩና፣ «አዳዳ፣ ሲጋራ ይገድላል አሉን» አልኳቸው።

«ማንን?» አሉ፣ ፈገግ ብለው። «አባቴ የትምባሆ ጋያቸውን ሲስቡ ኖረው፣ አርጅተው ነው የሞቱት። የኔን ሳል ያመጣው የዶሎ መንገድ አቧራ ነው። ደግሞ እኔ አጨሳለሁ ይባላል? ሾፌሮቹን ባየህ!»

«ታዲያ እኛን ሁልጊዜ ጭሱ በማይደርስበት በኩል ለምን ያስቀምጡናል?»

ልጆቹ ሁሉ አፍ አፋቸውን አዩ።

«የእናንተ ሳንባ እንደኔ አይደለማ!» ብለው ጮኹብኝና፣ ተረቱን ሳይጨርሱ ወደ ቤት ገቡ።

ዓመታት አለፉ፤ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ሐኪም ቤት የወሰድኳቸው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ እንዲያቆሙ ሲለምናቸው፣ «ልጄ፣ ይህንን አንተ ሳትወለድ ሰምቼዋለሁ» አሉት። ከበሩ ወጣ እንዳልን ለኮሱ። ነጠቅኳቸው።

«ስጠኝ! ብሞት የምሞተው እኔ ነኝ።»

«አልሰጥም።»

ሲጋራውን በጫማዬ ረግጬ አጠፋሁና፣ በባጃጅ እቤት አደረስኳቸው።

ዛሬ የሉም። ለቅሶው ላይ፣ «ጉዳቱን ቢያውቁ ኖሮ ይተዉት ነበር» ያሉ ሰዎች ነበሩ። እኔ ይህን ያኔም አልተቀበልኩም፣ አሁንም አልቀበልም። አዳዳ ያውቁ ነበር። አደጋው ለሌላው ሰው ሁሉ እውነት መሆኑን አምነው፣ ለራሳቸው ብቻ ነው የካዱት። እወዳቸዋለሁ፤ ይህችን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።