ዘይቡ ጨዋታዋን የጨረሰች ዕለት

ዘይቡ የቢሯችን ታይፒስት ነበረች። በ1981 ዓ.ም. ጅማ ወዳለው የቡና ንግድ ቢሯችን አንድ ኮምፒዩተር ሲመጣ ሁላችንም በሩቁ ሸሸነው። እሷ እልኸኛ ናት፤ ምሳዋን እየተወች ተጣበቀችበት። ኮምፒዩተሩን የሚያስተምሩን አቶ ሀብተጊዮርጊስ ደግሞ ከአፋቸው ቁጣ አይጠፋም። ትንሽ ከተሳሳተች «ጭንቅላትሽን ጅሬን ቤትሽ ጥለሽው ነው የመጣሽው?» ይሏታል። ትስቅና ትቀጥላለች።

ለማሽኑ ትእዛዝ እየጻፈች የምትሠራው የቃል ግምት ጨዋታ ነው። ማሽኑ አንድ ቃል በሰረዞች ይደብቃል፤ ተጫዋቹ ፊደል በፊደል እየገመተ በሰረዞቹ ቦታ ይሞላል። ለታናሽ ወንድሟ ለቲጃኒ ነበር የምትለፋው። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል፤ እሷ ግን ለፈቃድ ሲመጣ ልታጫውተው ነው። ችግሩ ጨዋታው አያልቅም። ቃሉ ተሟልቶም ማሽኑ «ፊደል ገምት» እያለ ይነዘንዛል።

አንድ ጠዋት አጎቷ ሙሐመድሳኒ ደወሉና እኔ ስልኩን አነሳሁ። ቲጃኒ ሞቷል። ወሬውን ያመጣው አብሮት የዘመተ ቁስለኛ ነው። ዘመድ ከአጋሮ እስኪደርስ መርዶው አይነገርም፤ ከዚያ እናትና ልጅ ቤታቸው አብረው ይሰማሉ።

«ማሎ፣ እባክሽ ልያ ልጄ፣ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ከቢሮ እንዳትወጣ ያዢልኝ» አሉኝ።

ወጉ እንዲህ ነው፣ እኛም ክርስቲያኖቹ ዘንድ ያው ነው። ያን ቀን ግን ጠላሁት።

ከእሷ ደብቄ ለቢሮው ሰው ሁሉ ነገርኩ፤ አቶ ሀብተጊዮርጊስ ሰበብ ፈጠሩ። «ዛሬ ሌላ ሥራ የለብሽም፣ ጨዋታሽን ጨርሺ» አሏት። ስሕተቷን አይተውታል። ቃሉ መሟላቱን የሚያጣራውን የትእዛዝ መስመር የጻፈችው ማሽኑ ግምት እየተቀበለ ከሚደጋግመው ዙር ውጭ፣ ከታች ነው፤ ማሽኑ ላይ ላዩን ስለሚዞር እዚያ ደርሶ አያውቅም። አልነገሯትም። «ጎበዝ፣ ቀጥዪ» ብቻ ይላሉ። እኛም ሻይ እያመጣን፣ ተራ በተራ እየተጫወትን አሳቅናት። በመሐል መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ብድግ አለች። «አገኘሁት! ከእያንዳንዱ ግምት በኋላ ማየት አለበት፤ የቀረ ሰረዝ ከሌለ ከዙሩ ይውጣ!» መስመሩን ወደ ላይ አስገባችው። የመጨረሻውን ፊደል ስትነካ ማሽኑ «ጨዋታው አልቋል» ብሎ ቆመ።

አጨበጨብን። እሷ ግን አቶ ሀብተጊዮርጊስን ትክ ብላ አየቻቸው።

«ዛሬ አንዴም አልተቆጡኝም» አለች።

አንገታቸውን ደፉ። ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኔ አብጧል።

«ቲጃኒ ነው?»

ልዋሽ አፌን ከፈትኩ፤ እንባዬ ቀደመኝ።

«ኢና ሊላህ» ብላ ተቀመጠች። እጄን ያዘችኝ። «ማወቄን ለአጎቴ እንዳትነግሪያቸው። እማዬ ብቻዋን አትስማው፤ ከጎኗ ሆኜ አብሬያት እሰማለሁ።»

አጎቷ ሲመጡ ፊቷን ታጥባ ጠበቀቻቸው።

«ዛሬ እኮ ጨዋታዬን ጨረስኩት» አለቻቸው።

«ማሻ አላህ» አሉ፣ ዓይኗን ላለማየት መሬት መሬት እያዩ።