በቁርባን ማለዳ የተፋቀ ጥርስ

እኔ አንድ ቤት የምረጋ ሴት አይደለሁም። ሮብ ገበያ ወንድ ልጄ ዘንድ ከርሜ፣ አማኑኤል ከተማ ያሉት ልጆቼ ናፈቁኝ ብዬ ደግሞ እነሳለሁ። ያን ጊዜ ግን ደብረ ማርቆስ ሴቷ ልጄ ቤት ሰነበትሁ። ያሰነበተችኝም ሦስት ዓመት ያልሞላት የልጅ ልጄ ናት።

ጥርሷን እናቷ የምትፍቅላት በግድ ነበር። የልጅቱን ራስ በክንዷ ቆልፋ፣ አገጯን ጨብጣ፣ "ክፈቺ! ክፈቺ አልሁ!" ልጅቱ ትንፈራገጣለች፤ የጥርስ ሳሙናው ካፍንጫዋ ይገባል።

"ምነው ልጄ፣ በግ ልታርጂ ነው?"

"ታዲያ ጥርሷን ትል ይብላት፣ እማ?"

ትል ይብላት ያለ ማን አለ? ደሜ ፈላ፤ ግን ዋጥ አደረግሁት።

ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ተቀምጬ በወይራ መፋቂያዬ ስፋቅ ልጅቱ መጥታ ከፊቴ ትቆማለች። አንድ ቀን መፋቂያውን ሰጠኋትና "እስቲ እኔን ፋቂኝ" አልኋት። የቀሩኝን ጥቂት ጥርሶች ድዴ እስኪደማ ፋቀችልኝ። "አሁን ደግሞ ያንቺ ተራ" ስላት ብሩሿን ራሷ አመጣች። እንዲህ ነው የጀመርነው።

ያስቸገረን መትፋቱ ነበር። ሳሙናው ይጣፍጣታል፤ ስልቅጥ አድርጋ ትውጠዋለች። ሁለታችን ሳፋ ላይ አጎንብሰን "ትፍ!" ስንባባል ጎረቤታችን አየችንና ሳቀች።

"ምን ያደክምዎታል እማማ? የወተት ጥርስ እንደሁ መውደቁ አይቀር!"

"ቀሚስሽም ማለቁ አይቀር፤ ለምን ታጥቢዋለሽ ታዲያ?" አልኋት። እንዲህ ያለ ነገር ይነደኛል።

አንድ እሁድ ልጅቱን ልናቆርባት ተነሣን። እናቷ ነጭ ቀሚሷን ትተኩሳለች፣ እኔ ነጠላዬን እፈልጋለሁ፤ ከደጅ "ትፍ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ስንወጣ፣ ማንም ፋቂ ሳይላት፣ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላለች፤ አረፋው እስከ ክርኗ ወርዷል። ቀና አለችና ጥርሷን ገለጠችልን።

"ብቻዬን!" አለች።

እናቷ እጇን ጧ አደረገችው። ብሩሹ ጭቃው ላይ ወደቀ።

"ማን ፋቂ አለሽ? ዛሬ!"

ከቁርባን በፊት እንኳን ሳሙና ውሃም ባፍ እንደማይዞር እኔም አውቃለሁ። ሥጋ ወደሙን የማከብር ሴት ነኝ። ግን ሕፃን ቅዳሜን ከእሁድ ትለያለች? ዕቃውን ከፊቷ ያላነሣነው እኛ፣ የተመታችው እሷ!

"ቁርባኑ ለሚመጣው እሁድ ይደርሳል" አልኋት ለልጄ። "የመታሽው ግን በጎ ያደረገ እጅ ነው።"

"እማ፣ ቅዳሴ ገብቷል፤ አታጨቃጭቂኝ።"

ልጅቱ ሳትቆርብ አስቀድሳ ተመለሰች። ማታ ብሩሹን አጥቤ ስሰጣት ሁለት እጇን ከኋላዋ ደበቀች፤ ከንፈሯን ግጥም። በማግስቱም እንዲሁ። መፋቂያዬን ሳወጣ እንኳ ፊቷን አዞረችብኝ። ያን ሁሉ ማለዳ በቀስታ ያመጣሁትን ልጅ እናቷ በአንድ ምት ወሰደችብኝ! አንገበገበኝ። ደግሞ በግድ ሊፋቅላት፣ ደግሞ ልትንፈራገጥ ነው።

መቼም ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ጠዋት ግን ጎረቤት ሰማኝ።

"ያጠመምሽውን አንቺው አቅኚ! ነይ፣ አፍሽን ክፈቺላት!"

"እማ፣ ሥራ ረፍዶብኛል!"

"ይርፈድብሽ!"

ልጄ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ደጃፉ ላይ ተንበረከከች፤ የራሷን ብሩሽ ለልጇ ሰጥታ አፏን ከፈተች። ልጅቱ እኔን አየች፣ እናቷን አየች። እጇ ከኋላዋ ቀስ ብሎ መጣ። በግራ እጇ የእናቷን አገጭ ጭብጥ አደረገችና፣

"ክፈቺ! ክፈቺ አልሁ!" አለቻት።

ልጄ ባለችበት ደነገጠች። ቃሉም፣ አያያዙም የራሷ ነው።

"ቀስ፣ የኔ እናት፤ አመመኝ።"

"ትፍ በይ!"

ተፋች።

"አሁን እኔ" አለች ልጅቱ፤ ብሩሿን ልታመጣ እየሮጠች፤ "ብቻዬን!"

ልጄ አረፋው ባገጯ ላይ እንዳለ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ። እኔ ግን አልሳቅሁላትም። ገና አልበረደልኝም ነበር።